ቄስ ዮሐንስ የተባለው ንጉሥ አገሩ ወዴት ነበረ?



ባለፈው ሳምንት በራዲዮ ያሰማሁት ንግግር እነሆ በዚህ ዓምድ ታትሞ ቀርቦላችኋል። በሰዓቱ ራዲዮናችሁን ያልከፈታችሁ በጽሕፈት ታገኙታላችሁ፤ የሰማችሁኝም ብትሆኑ ጊዜ አጥሮኝ የተውሁትን ጥቂት ነገር ጨምሬበታለሁና ብታነቡት አትጐዱም። ዘመኖቹን ሁሉ የምጠራው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ነገሬ ስለ አንድ ንጉሥ ነው። ይህ ንጉሥ አልተወለደም፤ አልነገሠም፤ ስለዚህም አልሞተም። ቢሆንም አገሩ ወዴት እንደ ሆነ ለማወቅ የኤውሮፓ ሰዎች አራት መቶ ዓመት ያህል ተከራክረዋል፤ መልእክተኞች ልከዋል፤ ካርታ ሥለዋል፤ ከላኩአቸውም ሰዎች ሳይመለሱ የቀሩ አሉ። በመጨረሻም «አገኘነው» ብለው የደረሱት ወደ እኛ አገር ነው።

ይህን አሮጌ ነገር እንዳነሣ ያደረገኝ መጽሐፍ አይደለም። እዚሁ በሐዋሳ፥ በፍቅር ሐይቅ ዳር፥ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ማኪያቶ አዝዤ ዐረፍ ባልሁበት ሰዓት፥ ከጎኔ ከተቀመጡ አራት ወጣቶች የሰማሁት ክርክር ነው። ወጣቶቹ ላፕቶፕ ከፍተው የሚነጋገሩት በ2017 ስለ ወጣ «ሻዶው ኦፍ ዋር» ስለሚባል የኮምፒዩተር ጨዋታ ነበረ። ጨዋታው የተመሠረተው እንግሊዛዊው ደራሲ ጄ. አር. አር. ቶልኪን በ1954 እና በ1955 ባሳተመው «የቀለበቶቹ ጌታ» በሚባለው ድርሰቱ ውስጥ በፈጠረው ዓለም ላይ ነው። በዚያ ዓለም ውስጥ ታላላቅ የድንጋይ ከተሞች ያሉአት «ጎንዶር» የምትባል መንግሥት አለች።

ከወጣቶቹ አንዱ፥ «ጎንዶር ማለት የእኛው ጎንደር ናት፤ ሰውዬው ስሙን ጥቂት አጣሞ ወሰደው እንጂ ሌላ አይደለም» ብሎ ተነሣ። ማስረጃውንም በጣቱ ቈጠረ፤ ሁለቱም የነገሥታት መቀመጫዎች ናቸው፤ ሁለቱም በድንጋይ ግንብ የታወቁ ናቸው፤ ደራሲውም በ1892 የተወለደው በአፍሪካ ምድር፥ በደቡብ አፍሪካ ብሉምፎንቴይን በምትባል ከተማ ነው። ሁለተኛው፥ «በሦስት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ አገር የሄደ ሕፃን ስለ ጎንደር ምን ሊሰማ ይችላል?» ብሎ ተቃወመው። ሦስተኛው፥ «የጎንዶር ምልክት ነጭ ዛፍ ነው፤ ጎንደር ነጭ ዛፍ ወዴት አለ?» ሲል ጠየቀ። አራተኛው ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቈይቶ፥ ጣልያን በ1935 አገራችንን በወረረ ጊዜ የጎንደር ስም በእንግሊዝ ጋዜጦች ሳይጻፍ እንዳልቀረ፥ ደራሲውም ያን ጊዜ አንብቦት ሊሆን እንደሚችል የራሱን ግምት ጨመረ።

እኔም መታገሥ አቅቶኝ፥ «ወንድሞቼ፥ ደራሲውን ራሱን የጠየቀው ሰው የለምን?» አልኋቸው።

«ጋሼ፥ ደራሲው እኮ በ1973 ሞቶአል» አለኝ የመጀመሪያው። ገና ሠላሳዎቹን ሳልጨርስ ጋሼ መባሌን ይቅር ብዬ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ስመረምር ግን ጠያቂ እንደ ነበረ አገኘሁ። በ1971 አንድ አንባቢ ይህንኑ የጎንዶርንና የጎንደርን ነገር በደብዳቤ ጠይቆት፥ ደራሲው መልስ ጽፎለታል። ቶልኪን የቋንቋ ሊቅ ነበረና ለፈጠራቸው ሕዝቦች ቋንቋ ከነሰዋስዉ ሠርቶላቸዋል፤ ጎንዶር ማለትም በዚያ በሠራው ቋንቋ «የድንጋይ አገር» ማለት ነው።

በወጣቶቹ ላይ ለመሣቅ ይህን አላወራሁም። ስም ከስም ማመሳከር፥ ምልክት ከምልክት ማስተያየት፥ በጎደለው ላይ ግምት መጨመር የሰው ልጅ ጠባይ ነው። ጨዋታ ሠሪዎችም ይህን ዐውቀው ሆነ ብለው ነገሩን ያጎድሉታል። «ዳርክ ሶልስ» የተባለውን በ2011 የወጣ ጨዋታ የመራው ጃፓናዊው ሂደታካ ሚያዛኪ፥ በልጅነቱ ከዕውቀቱ በላይ የሆኑ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ሲያነብ ያልገባውን ክፍል በራሱ አሳብ እየሞላ ያልፍ እንደ ነበረ ተናግሮአል። በጨዋታውም ታሪኩን ቁርጥራጭ አድርጎ በየሰይፉና በየቀለበቱ መግለጫ ላይ በትኖታል፤ ተጫዋቹ ለቃቅሞ ይገጥመዋል። ሁለት ተጫዋቾች ግን አንድ ዐይነት አድርገው አይገጥሙትም፤ ክርክሩም የሚነሣው ከዚህ ነው።

ጎንዶር የምትባል አገር የለችምና በዚህ ክርክር የሚጐዳ ሰው የለም። ነገር ግን ግምት የሚሰጥባት አገር በእውነት ያለች፥ ሰው የሚኖርባት አገር ብትሆንስ? እኔ ስለዚህ ነገር ዕዳ አለብኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በራዲዮ ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ስናገር፥ «ዓለም ቄስ ዮሐንስ እያለ የጠራው ገናና ንጉሥ ይኸው የእኛው ቅዱስ ላሊበላ ነው» ብዬ በሙሉ አፌ ተናግሬአለሁ። ቃሉን ያገኘሁት ከአንድ መጽሔት ነበረ፤ ደስ ስላሰኘኝ አልመረመርሁትም። በሳምንቱ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ እቢሮዬ ድረስ መጡ። ወንበር ሰጥቻቸው ተቀመጡና፥ «ልጄ፥ የተናገርኸውን ሰምቻለሁ። ይህ ቄስ ዮሐንስ የምትለው ስም በየትኛው ገድል፥ በየትኛው ታሪከ ነገሥት ነው የተጻፈው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። «ካልተጻፈስ ማን አወጣልን?» አሉና ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ። የተማርሁት እስከ ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ታሪክንም ከፊደል ገበታ ጀምሮ ወድጄዋለሁ እንጂ ሊቅ አይደለሁም። ቢሆንም በማይክሮፎን የተሳሳተ ሰው በማይክሮፎን ማረም አለበትና፥ ለመሪጌታው ጥያቄ መልስ ስፈልግ ያገኘሁት ይህ ነው።

በ1145 የፍራይዚንግ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው ጀርመናዊው ኦቶ፥ በኢጣልያ በቪቴርቦ ከተማ፥ ከሶርያ የመጣ ሁግ የሚባል የጀብላ ኤጲስ ቆጶስ አገኘ፤ የነገረውንም ወሬ በታሪክ መጽሐፉ ጻፈው። ከፋርስና ከአርመን ወዲያ በሩቅ ምሥራቅ፥ ንጉሥም ቄስም የሆነ ዮሐንስ የሚባል ክርስቲያን አለ፤ ከሰብአ ሰገል ዘር ነው፤ በትረ መንግሥቱም ከመረግድ የተሠራ ነው። የፋርስን ነገሥታት ድል ነሥቶ ኢየሩሳሌምን ሊረዳ ሲገሠግሥ ጤግሮስ ወንዝ ላይ ደረሰና ሠራዊቱን የሚያሻግርበት መርከብ አጣ። በስተሰሜን ወንዙ በክረምት በረዶ ይሆናል ቢሉት ወደዚያ ሄዶ ጥቂት ዓመታት ጠበቀ፤ ወንዙ ግን አልረጋም፤ ንጉሡም ወደ አገሩ ተመለሰ። ይህን ያህል ጦር ይዞ ጀልባ የሚሠራ አንድ አናጢ ማጣቱን ማንም የጠየቀ አይመስልም።

ወሬው ፈጽሞ ያለ ሥር የበቀለ አይደለም። በ1141 በሳማርካንድ አጠገብ ቃትዋን በምትባል ስፍራ፥ የሉ ዳሺ የተባለ የቃራ ኪታይ ገዢ የሴልጁኩን ሱልጣን ሳንጃርን በታላቅ ጦርነት ድል አድርጎት ነበረ። ድል አድራጊው ክርስቲያን አልነበረም። የመስቀል ጦረኞች ግን በዚያን ጊዜ በሶርያ ተጨንቀው ነበርና፥ ከጠላታቸው ጀርባ የተነሣውን ሁሉ ወዳጅ ነው፥ ወዳጅም ከሆነ ክርስቲያን ነው ብለው ገመቱ።

ሃያ ዓመት ያህል ቈይቶ፥ ወደ 1165 ገደማ፥ ደብዳቤ መጣ። ለቢዛንጥያው ንጉሠ ነገሥት ለማኑኤል ኮምኔኖስ ከራሱ ከቄስ ዮሐንስ የተጻፈ ነው ተባለ። እስከ ዛሬ ጸሐፊው ማን እንደ ሆነ አልታወቀም፤ ከኤውሮፓ ሰው እጅ እንደ ወጣ ግን ሊቃውንት ይስማማሉ። በደብዳቤው ውስጥ ንጉሡ ሰባ ሁለት ነገሥታት እንደሚገብሩለት ይናገራል። በአገሩ ድኻ የለም፤ ሌባ የለም፤ ውሸታም የለም። ከገነት የሚመጣ ወንዝ ዕንቍ ይዞ ይወርዳል። ውኃ የሌለበት የአሸዋ ባሕር አለ፤ አሸዋው እንደ ማዕበል ይነሣል፤ ዓሣም ይገኝበታል። በእሳት ውስጥ የሚኖሩ ትሎች የሚፈትሉት ልብስ ሲያድፍ በእሳት ይታጠባል። በገበታው በየቀኑ ሠላሳ ሺህ ሰው ይበላል። በቤተ መንግሥቱ ፊት በረጅም ዓምድ ላይ የቆመ መስተዋት አለ፤ ንጉሡም በግዛቱ ሁሉ የሚደረገውን በዚያ ይመለከታል።

ይህን ደብዳቤ አንድ ጊዜ ጽፈው አልተዉትም። በላቲን ብቻ ከመቶ በላይ የሚሆኑ የእጅ ጽሕፈት ቅጂዎች ተርፈዋል፤ በፈረንሳይኛ፥ በጀርመንኛ፥ በሌላም ቋንቋ ተተርጕሞአል። የሚገለብጠውም ጸሐፊ ሁሉ ከራሱ አንዳንድ ነገር ይጨምርበት ነበር። አንዱ ወርቅ የሚቈፍሩ ጉንዳኖችን፥ ሌላው ጎግና ማጎግን። ያ አራተኛው ወጣት በፍቅር ሐይቅ ዳር ጋዜጣውን እንደ ጨመረ ማለት ነው።

በ1177 የሮማው ፓፓ እስክንድር ሦስተኛ ለዚሁ ንጉሥ ደብዳቤ ጽፎ ፊልጶስ በሚባል ሐኪሙ እጅ ላከ። ሐኪሙ ወዴት እንደ ደረሰ አልተሰማም። አንድ ሰው መልእክት ተሸክሞ፥ በቅሎ ጭኖ፥ ወደሌለ ሰው አገር ሲሄድ አስቡት። ደብዳቤው በኢየሩሳሌም ስለሚፈለግ መሠዊያ የሚናገር ክፍል ስላለበት፥ የተላከው ለኢትዮጵያ ንጉሥ ነበረ የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ይህም ራሱ ግምት ነው፤ እኔን ያሳተኝ መጽሔትም የያዘው ይህን ነበረ።

ከዚያ በኋላ የንጉሡ አገር ከቦታ ወደ ቦታ ይዛወር ጀመር። በ1221 የመስቀል ጦረኞች በግብጽ ዳምያታን ይዘው ሳሉ፥ «ንጉሥ ዳዊት የተባለ የቄስ ዮሐንስ ዘር ከምሥራቅ እየመጣ ነው» የሚል ወሬ ደረሳቸውና ተደሰቱ። የሚመጣው ግን ጄንጊስ ካን ነበረ። በ1250ዎቹ እስከ ሞንጎሎች ዋና ከተማ ድረስ የሄደው መነኵሴ የሩብሩኩ ጊዮም፥ ስለ ቄስ ዮሐንስ የሚወራው ከእውነቱ ዐሥር እጥፍ የተጋነነ መሆኑን መዝግቦአል። ማርኮ ፖሎም ቄስ ዮሐንስን ጄንጊስ ካን ያጠፋው የአንድ ነገድ አለቃ አድርጎ ጻፈው። እንግዲህ ንጉሡ ሞተ፤ አገሩም ጠፋ ብሎ ማቆም ይቻል ነበር። ሰዎቹ ግን አልቆሙም። ተረቱን ከመተው ካርታውን መለወጥ ቀለላቸው። በእስያ ካልተገኘ በሌላ ስፍራ ይኖራል አሉ።

ሌላውም ስፍራ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። የዚያ ዘመን የኤውሮፓ ሰዎች ሕንድ የሚሉት አንድ አገር ብቻ አልነበረም፤ ሦስት ሕንዶች አሉ ይሉ ነበርና ኢትዮጵያንም ከነዚያ እንደ አንዲቱ ይቈጥሩአት ነበር። ወደ 1329 ገደማ ዮርዳኑስ የተባለ መነኵሴ ቄስ ዮሐንስ የሚሉት የኢትዮጵያን ንጉሠ ነገሥት ነው ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ በየካርታው ላይ ንጉሡ ዘውድ ደፍቶ በእኛ ምድር ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ለግምተኞቹ ፍርድ ልስጥ። የያዙት ፍንጭ ፈጽሞ ባዶ አልነበረም። በእስላም መንግሥታት ማዶ የጥንት ክርስቲያን መንግሥት በእውነት ነበረ። ቄስም ንጉሥም የሆነ ሰው በእኛ ታሪክ ይገኛል፤ የዛጔው ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ በገድሉ ቅስና የተቀበለ ንጉሥ ሆኖ ተጽፎአል። አቡል መካሪም የተባለው የግብጽ ጸሐፊም የሐበሻ ነገሥታት ሁሉ ቀሳውስት እንደ ሆኑ፥ በገዛ እጃቸው ሰው እስኪገድሉ ድረስም በመቅደስ ቅዳሴ እንደሚቀድሱ ጽፎአል። ይህን የሰማ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። የሚፈረድበት የአገሩ ሰው መጥቶ በቃሉ ሲነግረው ባለመስማቱ ነው። የአገሩ ሰው ደግሞ ነግሮአል።

በ1441 ከኢየሩሳሌሙ የኢትዮጵያውያን ገዳም የተላኩ መነኮሳት በኢጣልያ ወደ ተሰበሰበው የፍሎረንስ ጉባኤ ደረሱ። ጥያቄ ሲቀርብላቸው ንጉሣቸው ቄስ ዮሐንስ መባሉ እንደሚያስደንቃቸው፥ ስሙ ዘርዐ ያዕቆብ እንደ ሆነ ተናገሩ። እንግዲህ ባለቤቶቹ በጉባኤ መካከል፥ በካርዲናሎች ፊት፥ በአስተርጓሚ «እንዲህ የሚባል ንጉሥ የለንም» አሉ። የሰማቸው ጸሐፊ ቃሉን መዘገበ፤ የኤውሮፓ ቤተ መንግሥታት ግን «ለቄስ ዮሐንስ» እያሉ መጻፋቸውን አልተዉም። ለመሪጌታው ጥያቄ የመጀመሪያውን መልስ ያገኘሁት እዚህ ነው። እርሳቸው በቢሮዬ የጠየቁኝን አባቶቻቸው ከአምስት መቶ ዓመታት በፊት በፍሎረንስ መልሰውታል።

ነገሥታቶቻችንም ቢሆኑ የሰው ተረት መጫወቻ ሆነው አልተቀመጡም። በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ነብሮች ይዘው ቬኒስ ገብተዋል፤ በ1420ዎቹ መጨረሻም የዐፄ ይስሐቅ መልእክተኞች እስከ ንጉሥ አልፎንሶ ድረስ ወደ ቫሌንስያ ሄደዋል። ቬሬና ክሬብስ የተባለች የታሪክ ተመራማሪ በ2021 ባሳተመችው መጽሐፍ እንዳስረዳችው፥ ነገሥታቱ በዋናው የፈለጉት ጠመንጃና ወታደር ሳይሆን፥ ለሚያሠሩአቸው አብያተ ክርስቲያናት የሚሆን ንዋየ ቅድሳት፥ ዐፅመ ቅዱሳን፥ የእጅ ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ነበረ። እነዚያ የተአምር መስተዋት ያለውን ንጉሥ ሲፈልጉ፥ እነዚህ ጥሩ ሠዓሊ ይፈልጉ ነበር ማለት ነው።

በ1487 የፖርቱጋሉ ንጉሥ ዦዋዎ ሁለተኛ፥ ፔሮ ዳ ኮቪልያንንና አፎንሶ ዴ ፓይቫን ቄስ ዮሐንስን ፈልጉ ብሎ ላካቸው። ፓይቫ በመንገድ ሞተ። ኮቪልያን በ1490ዎቹ መጀመሪያ በዐፄ እስክንድር ዘመን ወደ አገራችን ገባ። ተቀበሉት፤ ርስት ሰጡት፤ ሚስት አግብቶ ልጆች ወለደ፤ ነገር ግን ወደ አገሩ እንዲመለስ አልተፈቀደለትም። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች በምጽዋ በኩል ገብተው ሲደርሱ፥ የአገሩን ቋንቋና ሥርዐት ጠንቅቆ ያወቀ ሽማግሌ ሆኖ አገኙት። በ1526 እነርሱ ሲመለሱም እርሱ ቀረ። ስለ ቄስ ዮሐንስ ግምት ከሰጡት ሁሉ ይልቅ እውነቱን የሚያውቀው እርሱ ነበረ፤ መጽሐፍ የጻፈው ግን እርሱ አይደለም።

መጽሐፉን የጻፈው ከመልእክተኞቹ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ነው። ይህ ሰው ስድስት ዓመት በአገራችን ተቀምጦአል። ገበያውን፥ ገዳማቱን፥ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቶአል፤ ስለ እነርሱም ያየሁትን ብጽፍ ማን ያምነኛል እያለ ጽፎአል። ዐፄ ልብነ ድንግልን በመጋረጃ ውስጥም በገሐድም አግኝቶአቸዋል። የአሸዋ ባሕር አላየም፤ የተአምር መስተዋት አላየም፤ የረኀብና የአንበጣ ዘመን ግን አይቶአል። ጠንቃቃና እውነተኛ ተመልካች ነው፤ ሳነበው ወድጄዋለሁ። ነገር ግን በ1540 ሊዝበን ላይ የታተመው መጽሐፉ ርእሱ ምንድን ነው? «ስለ ቄስ ዮሐንስ አገሮች እውነተኛ ዜና» ይላል። ውስጡንም ገልጣችሁ ብታነቡ ንጉሡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «ቄስ ዮሐንስ» እያለ ይጠራቸዋል። ስድስት ዓመት በአገሩ የተቀመጠ ሰው ይህን ስም ካልተወ፥ በኤውሮፓ ሆኖ ካርታ የሚሥለው ሰው እንዴት ይተወዋል?

አልቫሬስ የጻፈውን አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ፖርቱጋሎች የዓለምን ካርታ አምጥተው ነበር፤ ንጉሡም ፖርቱጋል የቱ ነው ብለው አስጠየቁ። ቢያዩት እጅግ ትንሽ ነው። ይህን ያህል አገር ያለው ንጉሥ ቀይ ባሕርን ከቱርክ ሊጠብቅ አይችልምና፥ የስጳኝና የፈረንሳይ ነገሥታትም ይርዱት የሚል አሳብ ላኩ። እንግዶቹ በአንድ ተረት ንጉሥ ፊት የቆሙ መስሎአቸው ሳለ፥ ንጉሡ በጣታቸው ካርታ እየለኩ ስለ ምጽዋና ስለ ዘይላ ወደቦች ያስቡ ነበር።

ከፖርቱጋሎቹ ጋር ወደ ሊዝበን የተላከው የእኛው መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ ነበረ። በዚያ ለዓመታት አቈይተውት ስለ ሃይማኖቱ በጥያቄ አስጨንቀውታል። እርሱም የአገሩን ሃይማኖትና ሥርዐት የሚያስረዳ ጽሑፍ ጽፎ፥ ዳሚያዎ ዴ ጎይስ የተባለ ሊቅ በ1540 በላቲን አሳተመለት። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ስሙም ተናግሮአል። ጸጋ ዘአብ እንደሚለው የንጉሡ መጠሪያ «ቄስ» ሳይሆን «የከበረ» ማለት ነው፤ በግእዝ ዕንቍ የሚለውን ቃል ይጠቅሳል። ጃንሆይ የምንለው «ጃን» በፈረንጅ ጆሮ ዮሐንስ መስሎ ተሰምቶ ይሆናል የሚለውም አሳብ ከዚያ ወዲህ ብዙ ደጋፊ አግኝቶአል። እኔ እንደሚመስለኝ ጸጋ ዘአብ በሰው አገር ብቻውን ሆኖ ስሙን ፈጽሞ ማፍረስ ባይችል ለማቃናት ሞከረ። ከፍሎረንሶቹ መነኮሳት ይልቅ በጥቂቱ ለዘብ ብሎአል፤ አልፈርድበትም።

ተረቱ ደምም አፍስሶአል፤ ረድቶናልም። በ1541 ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ አራት መቶ ያህል ፖርቱጋሎች ይዞ መጣ። የቄስ ዮሐንስ ስም ለሁለት ትውልድ ባይነገራቸው ኖሮ ይህን ያህል መንገድ ይመጡ ነበርን? እርሱ በ1542 ተማርኮ ተገደለ፤ የተረፉት ወታደሮች በ1543 ዐፄ ገላውዴዎስ ኢማም አሕመድን ድል ባደረጉበት በወይና ደጋ ጦርነት ተሰልፈዋል። ከወታደሮቹም ኋላ ሚሲዮናውያን መጡ። እነዚህ ደግሞ የቄስ ዮሐንስን ሃይማኖት ለማረም የተነሡ ነበሩ። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው ሕዝቡን ቢያስገድዱ አገር በደም ታጠበች፤ በ1632 ሃይማኖቱን መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለቀቁ። ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስ ሚሲዮናውያኑን አስወጡና፥ በ1636 ገደማ ዋና ከተማቸውን በጎንደር መሠረቱ።

ስሙን ፊት ለፊት የተጣላው ሊቅ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ነው፤ ያስተማረው ግን የአማራው ሰው አባ ጎርጎርዮስ ነው። ሁለቱ በ1649 በሮማ ተገናኙ። የጋራ ቋንቋ አጥተው በግእዝ ለመነጋገር ሞከሩ፤ ሉዶልፍ ግእዝን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ብቻ ነበረና አንደበቱ ተሳሰረ። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ በመስፍኑ በኤርንስት ጥሪ ወደ ጎታ ከተማ ሄደው አገራቸውን አንድ በአንድ አስረዱት፤ ስሙ፥ ወንዙ፥ አውራጃው፥ የነገሥታቱ ትውልድ። ሉዶልፍም በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ቄስ ዮሐንስ የሚለው ስም ለእኛ ነገሥታት በስሕተት የተሰጠ መሆኑን ጻፈ። አባ ጎርጎርዮስ ግን መጽሐፉን አላዩትም። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ በእስክንድሩና ባሕር ላይ መርከባቸው ተሰብሮ ሰጠሙ።

ይህን ንግግር ከማሰማቴ በፊት ለመሪጌታው ላነብላቸው ሄድሁ። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ስለ ፍሎረንሶቹ መነኮሳት የጻፍሁትን ክፍል ግን እንደ ገና አንብብልኝ አሉ፤ አነበብሁላቸው። ስለ ላሊበላ የተናገርሁትን በራዲዮ እንዳስተካክል ቃል ገብቼላቸው ወጣሁ፤ እነሆ አስተካክዬአለሁ፤ ቅዱስ ላሊበላ ላሊበላ ናቸው እንጂ ቄስ ዮሐንስ አይደሉም።

በማግሥቱ እሑድ ደግሞ አብርሃም ኦርቴሊየስ በ1573 ያሳተመውን «የቄስ ዮሐንስ መንግሥት» የሚባል ካርታ ግልባጭ ጠቅልዬ ወደ ፍቅር ሐይቅ ወረድሁ። አራቱ ወጣቶች እዚያው ነበሩ። ካርታውን በጠረጴዛው ላይ ዘርግተን ብርጭቆዎች ጫንንበት። መንግሥቱ ወደ ደቡብ እስከ አፍሪካ መካከል ድረስ ተዘርግቶአል፤ አባይ የሚመነጭባቸው ሁለት ታላላቅ ሐይቆች፥ በእውነት በሌሉበት ስፍራ፥ በደንብ ተሥለዋል። ወጣቶቹ ፊታችን የተኛውን የሐዋሳን ሐይቅ ፈለጉበት፤ የሚመስለውን ስም አጡ። ሁለተኛው ልጅ፥ «ይህን የሣለው ሰው አገራችንን አይቶ ያውቃል?» አለኝ። አላየም አልሁት። የአባ ጎርጎርዮስንና የሉዶልፍን ነገር አጫወትኋቸው፤ የጎንዶርንም ትርጕም፥ ደራሲው ለጠያቂው መልስ መጻፉንም ነገርኋቸው።

የመጀመሪያው ልጅ ግን ካርታውን ትኵር ብሎ ሲያይ ቈየና፥ «ጋሼ፥ ደራሲው ራሱ ረስቶት ቢሆንስ?» አለኝ።